ከኮምጣጤ የወጣ የሙዝ ሽታ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለፌቨን ኤርጫፎ፤ ለአገሩ ሁሉ ዶክተር ልትሆኚ ጥቂት ለቀረሽ፣ ለእኔ ግን መቼም ቢሆን ፌቩ ለሆንሽው፤

«እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። ናፍቆቱ እውነት ነው። ደህና የሚለው ነው ያስቸገረኝ።

ቴሌግራም ሞልቶ ዳልጮ ምን ነካው፣ ወረቀት ላይ የሚጽፈው፣ ስትይ ይሰማኛል። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፤ ጭቃ የረገጠች ዶሮ ያለፈችበት ነው የሚመስለው። አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ስተው መምህራኑ ያዘኑ መስለው ደስ ያላቸው ይህን ከማንበብ ስለተገላገሉ ነው። ግን ምን ላድርግ፣ አባዬ «በስልክ እንዳትነግራት፤ ቃልህን ስጠኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ስለ ስልክ ብቻ ነው የሰጠሁት። ይህ ወረቀት ነው። ጓደኛሽ ዕድላዊት ለስብሰባ ባሕር ማዶ ወደምትማሪባት ደብረጸን እንደምትመጣ ስሰማ ከበርበሬው ፌስታል ሥር ከተትኩት። እሷን እንዳትቆጪያት፤ በርበሬ ብቻ የያዘች ነው የሚመስላት።

መጨረሻውን አይተሽ ካልሆነ መጀመሪያውን የማታነቢ መሆንሽን ስለማውቅ ነገሩን እዚሁ ልንገርሽ። ቁጭ በይ። የአባዬ ዓይን እየጠፋ ነው። አባዬ በሕይወት አለ፣ ይበላል፣ ይዘምራል፣ እኔን ይሰድባል። ዓይኑ ግን እየጠፋ ነው። በቪዲዮ ስትደውይ ጆሮውን ብቻ እያሳየሽ «ዛሬም ቪዲዮ አልለመደም» ብለሽ ስትስቂ እኔም አብሬሽ እስቅ ነበር። አለመልመድ አልነበረም።

እንዴት እንዳወቅን ልንገርሽ። የሚጀምረው ከአንቺ ነው።

መጋቢት ላይ ላቦራቶሪው ባዶ ሲሆን እየቀዳሽ ትልኪልኝ የነበረውን ድምፅ ታስታውሻለሽ። «ካርቦክሲሊክ አሲድ» ስትይ ስሙ ከነተሳቢው የሰይፈሥላሴን መኪና ያህላል ብዬ አሾፍኩብሽ። ሰይፈሥላሴ አሁንም የእኛን ሙዝ ወደ ጂንካ ይጭናል፣ አሁንም መንገድ ላይ ብቻውን ይዘፍናል። አንቺ ግን ሳትሰለቺ አስረዳሽኝ። ኮምጣጤም፣ የገማ ቅቤም፣ ከሎሚ የሚወጣውም ጎምዛዛ ከዚያው ዘር ነው፤ ሁሉም ጫፋቸው ላይ አንድ ዓይነት እጅ አላቸው፤ ያቺን ጫፍ ስትቀይሪያት ጠባዩም ሽታውም ስሙም ሌላ ይሆናል፤ አልኮልም፣ ኤስተርም፣ አማይድም ከዚያው ይወጣል፤ ይህን መቀየር ነው ሥራዬ አልሽኝ። ከዚያ ለእኔ የማይነገር ነገር ነገርሽኝ። ኮምጣጤውን ከትክክለኛው አልኮል ጋር ብታገናኚው የሙዝ ሽታ ይወጣል አልሽ። ይመስላል ማለትሽ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅሽ፣ አይደለም፣ ራሱ ነው፣ ሙዙ ውስጥ ያለውና ብልቃጥ ውስጥ ያለው ነገር አንድ ነው አልሽ።

ይህን ለእኔ መንገር ዝንጀሮን የሙዝ ማሳ ማስጠበቅ መሆኑን አንቺ ታላቄ ሆነሽ እንዴት አጣሽው?

በዚያው ድምፅ ስለ ራስሽም ነገርሽኝ። አሲዱንና አሚን የምትይውን አንድ ዕቃ ውስጥ ስትከቻቸው ተጨባብጠው ጨው ይሆኑና ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ጎን ለጎን ናቸው፣ አይዋሃዱም። «እንግዲያው ሽማግሌ ላኪባቸው» አልኩሽ። ሳቅሽ አላቆም አለሽ። ለካ እንደዚያ የሚባል ነገር በእውነት አለ፤ መሃል የሚገባ፣ አሲዱን የሚያነሳሳ፣ ሁለቱን ካያያዘ በኋላ ውሃቸውን ተሸክሞ የሚወጣ። ሳቁ ሲያልቅ ድምፅሽ ተቀየረ። የላክሽው ሽማግሌ ሁሉ እምቢ ተብሎ ተመልሷል። ፕሮፌሰሩ አፍጥጦብሻል። «ጥዬው መጥቼ ከአባዬ ጋር ሙዝ ብሸጥ ይሻለኛል» አልሽ።

ያንን አባዬ ሰምቶታል። ስልኬን ጮክ አድርጌ እንደምሰማ ታውቂያለሽ፤ እሱ ደግሞ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ሙዙ ወደሚበስልበት ክፍል ገባና ቆየ።

እኔ በሚያዝያ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ የወጥ ቤቱን ኮምጣጤ ይዤ ሞከርኩ፤ ምንም። ውሃ ከበዛበት ነገሩ ወደ ኋላ ይመለሳል ያልሽውን ረስቼ ነው፤ የወጥ ቤት ኮምጣጤ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ከዚያ ወደ ደጋው ኦቾሎ ወጥቼ ከአባዬ አጎት ከአባ ወልደሥላሴ ልጅ ክር ሲያቀልም የሚጠቀምበትን ኮምጣጤ ለመንኩ፤ አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ውሃ ያልነካው። አረቄ ከሚያወጡት ሴትዮ መጨረሻ ላይ የሚንጠባጠበውን፣ ራስ ምታት ነው ብለው የሚደፉትን ቅባታሙን ተቀበልኩ። ከጋራዥ ጥቂት ጠብታ የባትሪ አሲድ። እማዬ ግቢው አረቄ ሸተተኝ ብላ ስትመጣ «የፌቨን ትምህርት ነው» አልኳት። ተመለሰች። ያንቺ ስም በዚህ ቤት የማይከፍተው በር የለም።

ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ አቆይቼ፣ እንዳልሽኝ በሶዳ አጥቤ፣ ክዳኑን ስከፍት እህት ዓለም፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው አትክልት ሁሉ ቆርቆሮዬ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ሙዝ ነው፤ ግን ሙዝ ራሱ የማያውቀው ሙዝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ልንገርሽ ብዬ ስልኬን አነሳሁና ተውኩት። መጀመሪያ አባዬ ላይ ልሞክረው አልኩ።

የአባዬን አሠራር አልረሳሽም። አረንጓዴውን ሙዝ ክፍሉ ውስጥ ይደረድራል፣ የላምባ ምድጃ ያስገባል፣ በሩን በጆንያና በጭቃ ይመርገዋል። ሌላው ነጋዴ ቀን ቆጥሮ ይከፍታል። አባዬ ድሮ በእጅ ባትሪ በስንጥቁ እያበራ ቀለሙን ያይ ነበር። ከአምና ወዲህ ባትሪውን ትቶ ስንጥቁ ላይ በአፍንጫው ይቆማል፤ ያሸታል፤ «ገና ነው» ወይም «ደርሷል» ይላል፤ ተሳስቶ አያውቅም። እኛ ሞኞቹ ጥበብ መሰለን። ገበያው ሁሉ አወራለት። «ጋሽ ኤርጫፎ ዓይን አያስፈልገውም» እያሉ ጁስ ቤቶቹ ያሞግሱት ነበር። እኔም እኮራ ነበር።

እንግዲህ በሩ በተመረገ ማግስት በዚያ ነገር የነከርኩትን ጨርቅ ስንጥቁ ውስጥ ሸጎጥኩ። የታሰበው ቀልድ ይህ ነበር፦ አባዬ ያሸታል፣ ይደነቃል፣ ይከፍታል፣ አረንጓዴውን ያያል፣ በሙዝ ግንድ ያባርረኛል፣ ሰፈሩ ይስቃል። ከዚህ ሌላ አላሰብኩም፤ እኔ መቼ ከዚህ ሌላ አስቤ አውቃለሁ።

አሸተተ። ተደነቀ። «ዘንድሮ ሙዙም ቸኩሏል» አለና ገዢዎቹን አስጠራ። ሰይፈሥላሴ መጣ፤ የጁስ ቤት ሴቶች መጡ። እኔ ከማንጎው ሥር ሆኜ አፌን ይዤ እጠብቃለሁ። አባዬ ጭቃውን ራሱ አፈረሰ፣ በሩን ወለል አደረገው። ፀሐይ ገባች። ሙዙ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ነው፤ አንድም የቀላ የለውም። አባዬ ፊት ለፊቱ ቆመ፣ እጁን ዘለላው ላይ አሳረፈ፣ ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«እዩት» አለ። «ወርቅ ሆኗል። እንዲህ ያለ ዘንድሮ አልወጣልኝም።»

ከጁስ ቤቶቹ አንዷ ልትስቅ ጀመረች፤ የእኔ ቀልድ መስሏት ነው፣ አባዬም የገባበት። የአባዬን ፊት ስታይ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። እየሳቀ አልነበረም። ኮርቶ ነበር። ሽታው ደግሞ፣ ያ እኔ የሠራሁት ሽታ፣ በመካከላችን ቆሞ እንደ ምስክር ይመሰክርለታል።

ቀድሞ የተናገረው ሰይፈሥላሴ ነው። «አዎ ጋሼ፣ ወርቅ ነው» አለ። «ግን ጎማ ፈነዳብኝ፤ ከእሁድ በኋላ ልጫነው።» በሩንም ራሱ ቀስ አድርጎ ዘጋው። ሴቶቹም፣ እኛም ከእሁድ በኋላ ነው የሚሻለን አሉ። አንድ በአንድ እጁን እየሳሙ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ። ማንም አረንጓዴ ነው አላለውም። እስካሁን ከተማው ውስጥ አንድ ሰው አላወራውም፤ አርባ ምንጭ ምስጢር ትጠብቃለች ብትዪኝ ድሮ አላምንሽም ነበር።

እሱ ግን ሞኝ አይደለም። ሲሄዱለት ተመልሶ ገባና አንዱን ሙዝ በጥፍሩ ጫነው። ድንጋይ ነው። እኔም ገባሁ።

«አረንጓዴ ነው?» አለኝ።

«ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም አባዬ።»

«ታዲያ ሽታው ከየት መጣ?»

ጨርቁን አውጥቼ ሰጠሁትና ሁሉንም ነገርኩት፤ ኮምጣጤውን፣ አረቄውን፣ ያንቺን ድምፅ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲመታኝም ፈልጌ ነበር። ጨርቁን አፍንጫው ላይ ይዞ ቆየ።

«ሙዝ የሚመስል ነው ወይስ ሙዝ ነው?»

«ራሱ ነው ትላለች። ሙዝ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው።»

«እንግዲያው አፍንጫዬ አልዋሸኝም» አለ። ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ለእናትህ እንዳትነግር።»

እማዬ ግን ድሮ አውቃለች። በርጩማዎቹን ከመንገዱ ላይ እያነሳች፣ ጽዋውን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እያስቀመጠች፣ ውሃ ስትሰጠው «እንካ» እያለች እጁን በድምፅዋ ስትመራ ከረመች። እሱ እንዳታውቅበት ይደብቃታል፤ እሷ ማወቋን ትደብቀዋለች። ሁለቱ እንደዚያ አንድ ቤት ውስጥ ጨው ሆነው ተቀምጠው ነበር።

ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። እምቢ። እማዬ ለመነችው። እምቢ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ጸለዩለት፤ አሜን ብሎ ሸኛቸውና እምቢ። ምክንያቱን የተናገረው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም እኔ አብዝቼ ስነዘንዘው። «ሐኪም ቤት ከገባሁ ከተማው ይሰማል። ከተማው ከሰማ እሷ ትሰማለች። ያቺ ልጅ ጥላው የምትመጣበት ሰበብ እየፈለገች ነው። እኔ ሰበብ አልሆናትም» አለ።

ከዚያ ወዲያ በተናገርኩ ቁጥር ይበልጥ ደረቀብኝ። ያኔ ነው ያልሽው ትዝ ያለኝ፤ እኔና እሱን በቀጥታ ብታገናኚን መቼም አንዋሃድም፣ መሃል የሚገባ ያስፈልጋል። ወደ ኦቾሎ ወጣሁ። አባ ወልደሥላሴ ቤት። የአባዬ አጎት ብቻ አይደሉም፣ ያሳደጉት ናቸው፤ ከእሳቸው በላይ የሚፈራው ሰው የለም። ሸማቸውን ከሚሠሩበት ጉድጓድ ሳይወጡ አዳመጡኝ። እኔ ስናገር ሰው ሁሉ ይህ ደግሞ ምን ሊያደርገን ነው ይላል፤ እሳቸው እንደዚያ አላሉም። መወርወሪያውን አስቀመጡና ተነሱ።

ኩልፎ ስንደርስ ከወንዙ ዳር ሣር አጨዱ፤ ውሃው እንዳይደርቅበት በሁለት እጃቸው ይዘው ቤት ድረስ መጡ። ወጉን ላንቺ አላስተምርሽም። ሽማግሌ ርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ አይናገርም፤ ሣሩ ነው የሚናገረው። ያየ ሰው ቁጣውን ይጥላል። አይቶ እምቢ ማለት ግን ጎሜ ነው፤ በራሱ ላይ ብቻ አይደለም፣ በልጆቹም ላይ የሚዞር በደል። አባዬ ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ብዙ የአገር ወግ ትቷል፤ ይህን ግን አልተወም፤ በጋሞ ይህን የተወ ሰው አላውቅም።

አባዬ ማንጎው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አባ ወልደሥላሴ ያንን ሁሉ ዕድሜያቸውን ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ሣሩን ዘረጉ። ዝም አሉ።

አባዬ ኮቴ ሰምቷል። የማን እንደሆነ አላወቀም። እኔ ደግሞ አንድ ሰው ለምኜ ማምጣቴ ገብቶታል፤ ፊቱን አጠቆረና «ማንም ይሁን ማን፣ ሐኪም ቤት ሂድ ሊለኝ የመጣ ሰው ግቢዬን ይልቀቅልኝ» አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው። እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የጎረቤት ሰዎች በአጥሩ ያያሉ። ሽማግሌው አልተነቃነቁም፤ የሣሩ ውሃ በክርናቸው በኩል ይንጠባጠባል። ሄጄ የአባዬን እጅ ያዝኩና ወደ ታች ወስጄ ሣሩ ላይ አኖርኩት።

እጁ ርጥበቱን ዳሰሰ። ከሣሩ ወደ ጣቶቹ፣ ከጣቶቹ ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ትከሻው እየሄደ የሽማግሌው ሽበት ላይ ደረሰ፤ ሽበቱ ከጉልበቱ ትይዩ መሆኑ ሲገባው፣ ፌቩ፣ ከወንበሩ ላይ ወረደ። እሱም ተንበረከከ።

«አባ፣ አላየሁዎትም» አለ።

እስከዚያች ቀን ድረስ «አላየሁም» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም ነበር።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉት። «እንድታየኝ አልመጣሁም። እንድትሄድ ነው የመጣሁት።»

ውሃ ጠጡና ጨለማ ሳይዘኝ ብለው ወደ ኦቾሎ ወጡ።

በማግስቱ ሄድን። ግላኮማ ይባላል። ዓይን ውስጥ ግፊት በዝቶ ከኋላ ያለውን ጅማት ይበላዋል፤ አያምም፣ ስለዚህ ሰው አያውቀውም። ቀኙ ጨርሶ ሄዷል። ግራው እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ቀርቷል፤ በዚያች ቀዳዳ የገባውን ያያል፣ ቀለሙን ግን አይለይም፣ ዙሪያውንም አያይም። ሐኪሟ ደግ ናት፣ ግን አታባብልም፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን አለችን። የመጀመሪያው ጠብታ ደረቱን አፈነው፤ ያ ሁሉ ዓመት የላምባ ጭስ አስም አስይዞት ኖሯል፣ እሱንም ደብቆን ነበር። ሌላ ዓይነት ታዘዘለት። ያኛው መድኃኒት በከተማው ጠፋ። የመድኃኒት ቤቷ ማዕዶት ከአዲስ አበባ አፈላልጋ አገኘች። ሳይከፈት በፊት ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ የእኛን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ መብራቱንም ታውቂዋለሽ። በመጨረሻ ወይዘሮ ሻሺቱ ከጫሞ ሐይቅ የመጣውን ዓሣ የሚያቆዩበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ፤ ጄኔሬተር ያላቸው እሳቸው ናቸው። አሁን የአባዬ ዓይን መድኃኒት ከቀረሶና ከአምባዛ ጋር ነው የሚያድረው። ሳመጣለት «ዛሬ ደግሞ የቱ ዓሣ ዓይኔ ውስጥ ይዋኛል?» ይለኛል። ወይዘሮ ሻሺቱ ብልቃጡን ከመስጠታቸው በፊት ያማትቡበታል። የጴንጤ ሽማግሌ ዓይን ውስጥ በመስቀል የተባረከ ጠብታ እየገባ ነው፤ ይህንንስ ባያየው ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ። በነገራችን ላይ ደብረጸን ስላልኳቸው አንቺን ገዳም የገባሽ ነው የሚመስላቸው፤ በጸሎትሽ አስቢኝ በላት ብለዋል። አላረምኳቸውም።

አሁን ስሚኝ፤ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የጨረስኩት። ማዕዶት ብልቃጡን ስትሰጠኝ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅኋት። መድኃኒቱ ራሱ አሲድ ነው አለችኝ፤ አሲዱን እንዳለ ብትጨምረው የዓይንን ቆዳ አያልፍም፣ ፈስሶ ይቀራል። ስለዚህ ጫፉን ቀይረው ኤስተር አደረጉት። እኔ «ኤስተር» ስትል ዘለልኩ። ይህን ከየት አወቅህ አለችኝ፤ ከሙዝ አልኳት፤ ይህ ልጅ ጠጥቷል ብላ አየችኝ። ኤስተር ሲሆን ያልፋል። ውስጥ ሲገባ ደግሞ ዓይኑ ራሱ ይፈታዋል፤ ተመልሶ አሲድ ይሆናል፤ ያኔ ነው የሚሠራው። መመለሱ ነው መድኃኒቱ።

አንቺ ያንን መመለስ ስትረግሚው ነበር። ሠርቼው ይፈርስብኛል ብለሽ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። አንድ የማላውቀው ሰው የሆነ አገር እንዳንቺ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻውን ቀርቶ፣ ሲፈርስበት እያለቀሰ፣ አንድ አሲድ ጫፉን ቀየረ። ማታ ማታ የአባዬን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ የማንጠባጥበው እሱን ነው። ጠብታው ሲገባ አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ «ይህም የፌቨን ሥራ ነው?» ይለኛል። አይደለም፣ የመሰሎቿ ነው እለዋለሁ። «አንድ ነው» ይላል።

እንዲህ ሲለኝ ነው በስልክ እንዳትነግራት ያለው። ጨርሳ ስትመጣ ራሴ እነግራታለሁ አለ። እኔ ግን ሲያስቡልሽ ሳታውቂ መቅረትሽ አልዋጥልህ አለኝ። ስለዚህ ዓይኑንም ቃሉንም ልንገርሽና አንቺ እንደ ትልቅነትሽ መርምሪው። የአባዬ ቃል ይህ ነው፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ፦ «ትጨርስ።»

ቀልድ ትተሃል ወይ ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። ልተው ብዬ ነበር። ዝም ስል ግን አባዬ «ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ስለዚህ ቀጠልኩ። አሁን ቀለሙን እኔ እነግረዋለሁ፣ ሽታውን እሱ ይነግረኛል፤ ሰይፈሥላሴና ጁስ ቤቶቹም አልሸሹንም። አንዳንዴ ቢጫ ነው ብዬ አታልለዋለሁ፣ ሸተት ያደርግና በጥፊ ይስተኛል።

ሐኪሟ ባለፈው ወር ስታየው ጠብታው ይዞታል፣ እንግዲህ ይበርታ ብላለች። እኛም ይዞታል እንላለን።

ሳሎን ግድግዳው ላይ ያለውን የምረቃሽን ፎቶ አባዬ ጠዋት ጠዋት ያየዋል። በግንቦት በሩ ላይ ቆሞ ያየው ነበር። በነሐሴ ጠረጴዛውን አልፎ። ዛሬ ከአልጋዬ ሆኜ አየሁት፤ ግድግዳው ጋ ተጠግቶ፣ ራሱን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያደረገ፣ እንደሚያነብ ሰው፣ መጀመሪያ ቅንድብሽን፣ ከዚያ ጉንጭሽን፣ ከዚያ አገጭሽን። ሲወጣ እማዬ ገባችና በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ጠረገችው። አፍንጫው የነካበት ቦታ ላይ ነበር የጠረገችው። ከመቼ ጀምሮ እንደምትጠርገው አልጠየቅኋትም።

ነይ አላልኩሽም። እሱም አላለም። አባዬ አንድ ቀን ሲጠይቅሽ ይህን መስክሪልኝ።

አንድ ላይ ያኖርሽው ሁሉ ይዋሃድልሽ። ጨው ሆኖ የሚቀመጥ ነገር እጅሽ አይግባ። የምትልኪው ሽማግሌ እሺ ተብሎ ይመለስ፤ ውሃውም ይውጣልሽ። የአባዬ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም፤ የወይዘሮ ሻሺቱም ከኋላሽ ይከተል፣ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን እነሱ ባይስማሙበትም።

በርበሬው የእማዬ ነው። ምንም አልጨመርኩበትም፤ ይህን ብቻ እመኚኝ።

ወንድምሽ
ዳልጮ ኤርጫፎ